እያወቀች ለምን አትሄድም? ሠራተኛ ሴቶችና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና በጎጃም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና የምትሠራ አንዲት የ34 ዓመት ሴት አለች እንበል። ከወር አበባዋ ቀን ውጭ ደም ሲታያት ሦስተኛ ወሯ ነው። ተምራለች። ስለ ማህፀን በር ካንሰር በሬዲዮ ሰምታለች፣ በስልኳም አንብባለች። ሆስፒታሉ ከምትሠራበት ቦታ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ገንዘቡም አይቸግራትም። ግን አልሄደችም። «ሰኞ እሄዳለሁ» ካለች ስንት ሰኞ አለፈ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «የግንዛቤ እጥረት ነው» የሚል ነው። እሷን ግን አይገልጻትም፤ ግንዛቤው አላት። ይህ ጽሑፍ በማወቅና በመሄድ መካከል ምን እንደቆመ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ሴትዮዋን ያመጣኋት ለማብራሪያ ነው፤ ነገር ግን ጎጃም ውስጥ የኖረ ሰው እሷን የምትመስል እህት፣ አክስት ወይም የሥራ ባልደረባ አያጣም።

«ሥነ ተዋልዶ ጤና» የወሊድ መቆጣጠሪያ ማለት ነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን ሰፊ ነው። ከመጀመሪያው የወር አበባ አንስቶ እስከ ማረጥና ከዚያም በኋላ፣ ከመውለድና ከመራቢያ አካል ጋር የተያያዘውን ጤና ሁሉ ይይዛል። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ አለበት። ልጅ አለመውለድ፣ የማህፀን ፈሳሽና ኢንፌክሽን፣ የአባላዘር በሽታ፣ የማህፀን መውጣት፣ ፌስቱላና የማህፀን በር ካንሰርም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

እነዚህን በሁለት ከፍሎ ማየት ነገሩን ያቀለዋል። እርግዝናና ወሊድ በአደባባይ የሚነገሩ ናቸው፤ ሆድ ይታያል፣ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፣ ዘመድ ይጠይቃል። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ደረሱ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48። ገና ይቀራል፣ ቢሆንም ትልቅ ለውጥ ነው። ሌሎቹ ግን የሚደበቁ ናቸው። የሚፈሳትን፣ የሚሸታትን፣ የወጣባትን፣ የዘገየባትን ሴት ለማን ትናገራለች? ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መዘግየቱ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

ሰሪን ታዴዎስ እና ደቦራ ሜን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ባሳተሙት ሥራ እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲመረምሩ ሦስት መዘግየቶችን ለዩ። አንደኛው ለመሄድ መወሰን ላይ ያለው ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው፤ ሦስተኛው ደርሶ ተገቢውን ሕክምና እስኪያገኙ ያለው። የእነሱ ጥናት ስለ ወሊድ ነበር፣ ለሌሎቹም ሕመሞች ግን ያገለግላል።

በዓባይ በረሃ የተሻገረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከደጀን ቁልቁል መውረድ አለ፣ ድልድዩን መሻገር አለ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ መውጣት አለ። ስለ ጤና ስናወራ ብዙውን ጊዜ ስለ ድልድዩና ስለ ዳገቱ ነው የምናወራው፤ ስለ መንገድ፣ ስለ አምቡላንስ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ሐኪም ቁጥር። ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ገና ከደጀን አልተነሳችም። ሻንጣዋ ቤቷ ነው።

ይሉኝታ በሽታን እንዴት ያስደብቃል?

ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለም። ሰው እንዳያስቀይም፣ እንዳይሰስት፣ የታመመ እንዲጠይቅ፣ ያዘነ እንዲያጽናና የሚያደርገው እሱ ነው። ቃሉ ራሱ «ይሉኛል» ከማለት የመጣ ነው። ከሀፍረት የሚለየውም በዚህ ነው። ሀፍረት ከሆነ ነገር በኋላ ይመጣል። ይሉኝታ ግን ቀድሞ ይመጣል፤ ማንም ምንም ሳይል፣ ሊባል ይችላል የተባለውን ሰምቶ ጨርሷል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ገና ያልደረሰ ነገር ግን የሚጠበቅ መገለል የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰውን የሚያስቀረው የደረሰበት መገለል ብቻ አይደለም፤ ይደርስብኛል ብሎ የሚጠብቀው ብቻውን ይበቃል።

አሁን ይህን ስሜት ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ውስጥ አስቀምጡት። ቢቸና፣ ሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ የትም ይሁን። ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ የጎረቤት ልጅ ናት። ተራ የሚጠብቀው ሰው የዕቁብ ጓደኛ ነው። እያንዳንዱ በር ደግሞ ስም ተጽፎበታል፤ በየትኛው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጥሽ ያየ ሰው የመጣሽበትን ጉዳይ ሳትነግሪው ያውቀዋል። ያላገባች ከሆነች «አስወርዳ ነው» ይባላል። አግብታ ያልወለደች ከሆነች «መካን ናት» ይባላል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ከሆነች የሚባለው ከዚህም ይከፋል። እሷ የመጣችው ምናልባት ቀላል በሆነ ኢንፌክሽን ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። እውነት ነው። ሰው ግን የሚደብቀው ተረቱን ስላላወቀ አይደለም። በአንድ በኩል ያመማት ነገር አለ፤ በሌላ በኩል ስሟ፣ ትዳሯ፣ የሥራ ቦታ ክብሯ አለ። ሕመሙ ዛሬ ይቻላል፤ ስም ከጠፋ ግን አይመለስም ብላ ታስባለች። በእሷ ቦታ ሆኖ ላየው ሰው ይህ ሂሳብ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም።

አንድ ነገር ማወቁ ግን ሂሳቡን ይለውጠዋል። የጤና ባለሙያ በሥራው ያወቀውን የታካሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግዴታውም ሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን ሕግ ጭምር ነው። ስለዚህ «ሲስተር፣ በሩን ዝጊልኝ» ወይም «ሰዎቹ ይውጡልኝና ልንገርሽ» ማለት መብት ነው፤ ለባለሙያውም እንግዳ ነገር አይደለም።

«የሴት ልጅ ዕጣ ነው» የሚለውስ?

ሁለተኛው እንቅፋት ከመጀመሪያው የበለጠ ዝምተኛ ነው፤ ሕመሙን እንደ ሕመም አለመቁጠር። እናቷ የወር አበባ ሲመጣ ስትታጠፍ አይታለች፤ አያቷ ወገቧን ታስራ ስትኖር አይታለች። ስለዚህ እሷም ስትታመም «ሴትነት እንዲህ ነው» ትላለች።

የማህፀን መውጣት ለዚህ ዋናው ማሳያ ነው። ማህፀንን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች በተደጋጋሚ ወሊድ፣ በረጅም ምጥና ለዓመታት በተሸከሙት ከባድ ሸክም ይላላሉ። መጀመሪያ የመክበድ ስሜት ይመጣል፤ በኋላ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይዳሰሳል፤ ሲብስ ወደ ውጭ ይወጣል። እንስራ፣ እንጨትና እህል ተሸክማ ያደገች፣ አሁንም በግንባታ ሥራ ድንጋይና ሲሚንቶ የምታቀብል ሴት ለዚህ ቅርብ ናት። መፍትሔ አለው። ገና በጅምሩ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ይረዳል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚደግፍ ቀለበት አለ፤ ለከፋው ቀዶ ሕክምና አለ። ግን ብዙዎቹ ሲቀመጡ እያመማቸው፣ ከባል እየሸሹ፣ ለሴት ልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ዓመታት ይቆያሉ።

ፌስቱላም እንዲሁ ነው። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናትየዋን ሥጋ በአጥንት ላይ ተጭኖ ደም ያሳጣዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ርግማን አይደለም፤ የአካል ጉዳት ነው፤ በቀዶ ሕክምናም ይጠገናል። ሐምሊን ፌስቱላ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የጀመረውን ሆስፒታል ይዞ በኋላ በክልል ከከፈታቸው ማዕከላት አንዱ ባሕር ዳር ነው። ሕክምናው በነጻ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘውን ብዙ ሰው በጥንቃቄ ስለሚያልፈው እኔ ትንሽ ልቆይበት። በወር አበባ ጊዜ ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ይህ ሥርዓቱ ነው። አንዲት ሴት ግን ደሟ ሳምንታትና ወራት ሳያቋርጥ ሲቀር ምን ትሆናለች? በክብረ በዓል ቀን ከውጭ ትቆማለች፤ ለምን እንደማትገባ ለሚጠይቃት መልስ የላትም። ሕመሟ ከምትጽናናበት ቦታ ያርቃታል። ጸበል መጠመቅና መታከም እንደሚጣሉ አድርጎ ማየትም ሸክሟን ይጨምራል። ብዙ ካህናት ሁለቱም ጎን ለጎን እንዲሄዱ ይመክራሉ፤ ጸበል እየሄደች ቀጠሮዋን የምታከብር ሴት ሃይማኖቷን አልከዳችም። የንስሐ አባቷን «አባ፣ ሐኪም ቤትም እየሄድኩ ነው» ብትላቸው አብዛኛውን ጊዜ የምትሰማው ምርቃት ነው።

«ካልተመረመርኩ የለብኝም» ማለት ከየት ይመጣል?

ይህ ፍርሃት ነው፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ቀጠሮው ሲቀርብ ጭንቀቷ ይጨምራል። «ዛሬ አልሄድም» ስትል ያ ጭንቀት ወዲያው ይረግባል። አእምሮዋ መቅረት ዕረፍት እንደሚሰጥ ይማራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መቅረት ይበልጥ ይቀላታል። በአመድ የተዳፈነ እሳት የጠፋ እንደሚመስለው ማለት ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ፍሙ አለ።

ለማህፀን በር ካንሰር ይህ ፍርሃት በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ይህ ካንሰር ጊዜ የሚሰጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፍ ኤች ፒ ቪ በተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱን የማያገኘው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። የቀረው ወደ ካንሰር ለመለወጥ የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ኤች አይ ቪ ባለባት ሴት ይፈጥናል፤ ስለዚህ እሷ ቀደም ብላ መመርመር አለባት። በእነዚያ ዓመታት የሚገኘው ካንሰር ሳይሆን ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል የተለወጠ ቦታ ነው፤ ያም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይወገዳል።

ቫይረሱን የሚከላከለው ክትባት ኢትዮጵያ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ዛሬ 30ዎቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ዕድሜያቸው አልፎ ነበር። ለእነሱ ያለው መከላከያ ምርመራው ነው። በጤና ተቋማት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል።

ደግሞም ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም ሁሉ ካንሰር አይደለም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ሊሆን ይችላል፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ሳይመረመር ግን የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ሥራ መኖሩ ለምን ያባብሰዋል?

ደመወዝ ያላት ሴት ይቀላታል ብለን እናስባለን። በገንዘብ በኩል ልክ ነው። ጊዜዋ ግን የራሷ አይደለም። ተመላላሽ ሕክምና የሚሰጥበት ሰዓትና የመሥሪያ ቤቷ ሰዓት አንድ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ሁለቱም በሮች አብረው ይከፈታሉ። ስለዚህ ለመታከም ፈቃድ መጠየቅ አለባት፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ምክንያት። «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል አለቃዋ። በቀና ልብ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን ለእናቷ ያልነገረችውን ለአንድ ወንድ አለቃ ልትናገር አትችልም። «ጨጓራዬን» ትላለች። ያቺ ቃል አንድ ቀን ትገዛላታለች፤ ለሦስተኛው ቀጠሮ ግን አትበቃም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቶ በር ለበር ብዙ ሥራ ሠርቷል። ባለሙያዋ በቀን ስትመጣ ግን ይህቺ ሴት ቤት የለችም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ደመወዟ ሳይቆረጥ ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል፤ ከምርመራው በኋላ የሐኪም ማስረጃ ታቀርባለች። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዝ አላት። በግልጽ የተጠቀሰው እንግዲህ እርግዝና ነው። ማህፀኗን ያመማት፣ ልጅ ስላልወለደች የምትመረመር ሴት መብቷን የምትፈልገው በሕመም ፈቃድ ውስጥ ነው። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አሠሪው ማወቅ ያለበት ለሥራ አለመቻሏንና ለስንት ቀን እንደሆነ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲጽፍላት «ለመሥሪያ ቤት ስለሆነ ዝርዝሩ ባይጻፍ» ማለት ትችላለች።

ይህም ቋሚ ቅጥር ላላት ነው። የቀን ሠራተኛዋ የቀረችበት ቀን የማይከፈላት ቀን ነው፤ ካቦው በማግስቱ በቦታዋ ሌላ ሊተካ ይችላል። ጠላና አረቄ የምትሸጠዋ፣ ጉልት የምትቀመጠዋ ደግሞ ለራሷ ካልሠራች የሚሠራላት የለም። የቤት ሠራተኞችን ይህ አዋጅ አያካትታቸውም፤ ፈቃዳቸው በእመቤቲቱ እጅ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው፤ ከገጠር በልጅነት መጥተው፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ ሕመማቸውን የሚነግሩት ሰው ደሞዛቸውን የሚከፍለው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው መንገድ መድኃኒት ቤት ነው። ቅርብ ነው፣ እስከ ማታ ክፍት ነው፣ ጥያቄ አይበዛበትም። «ለፈሳሽ የሚሆን ስጠኝ» ትላለች፤ እንክብል ይዛ ትወጣለች። አደጋው እዚህ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ይቆያሉ፤ በትክክለኛው መድኃኒት ካልታከሙ ወደ ላይ ወጥተው የዘር ቱቦዎችን ያቆስላሉ። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ቱቦውን ይዘጋል። ከዓመታት በኋላ «ለምን አልወለድኩም?» የሚለው ጥያቄ መልስ አንዳንዴ ከዚያ እንክብል ጀርባ ይገኛል።

ባል ካልፈቀደስ?

ባለቤቷ ካልፈቀደ ለአዋቂ ሴት ሕክምናም ሆነ የወሊድ መቆጣጠሪያ አይሰጥም የሚል ሕግ የለም። በተግባር ግን ብዙ ሴቶች ሳይነግሩት አይሄዱም፤ ወይም ተደብቀው ይሄዳሉ። በመርፌ የሚሰጠውን የሚመርጡት ብዙ የሆኑት በከፊል ለዚህ ነው፤ በየሦስት ወሩ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚገኝ እሽግ የለም፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስም የለም።

«መርፌው ማህፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬም ከባዶ አልተነሳም። መርፌውን ካቆሙ በኋላ ለመፀነስ ከሌሎቹ ዘዴዎች በአማካይ አራት ወር ያህል ይዘገያል። ይህን ያልነገሯት ሴት በስድስተኛው ወር ሳትፀንስ ስትቀር የሰማችውን ወሬ ብታምን አይፈረድባትም። ዘግይቶ ግን ይመለሳል፤ ማህፀን አያደርቅም።

የአባላዘር በሽታ ሲሆን ባልን መንገር የግድ ይሆናል፤ እሱ ካልታከመ መልሶ ይይዛታል። ይህንን ብቻዋን መሸከም የለባትም። ባለሙያው ባልየው እንዲመጣ የመጥሪያ ወረቀት ሊሰጣት፣ ወይም ሁለቱም ባሉበት ሊያስረዳ ይችላል። ልጅ ሲዘገይም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ አብረው ኖረው ካልተፀነሰ ሁለቱም ይመረመራሉ። ምክንያቱ ከወንዱም ሊሆን ይችላል፤ የእሱ ምርመራ ደግሞ ከእሷ ይልቅ ቀላል ነው። ሆኖም «መካን» የሚለው ስም ገና ሳይመረመር እሷ ላይ ይለጠፋል።

መንገዱ ራሱ ሲዘጋስ?

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈላት ሴት ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ትቀመጣለች። እዚህ ላይ ይሉኝታም ፍርሃትም ሰበብ አይደሉም። ለዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ነገር ቢኖር በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ የሚቻለውን ቀድሞ መጨረስና ለወሊድ መቆጣጠሪያም አንዴ ተደርጎ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ዘዴ መምረጥ ነው፤ ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል።

ሄደች እንበል፤ ምን ያጋጥማታል?

ያላየችው ነገር ስለሆነ ነው የበዛባት። ገንዘብ ተቀባይዋ ማክሰኞ ጠዋት ካርድ ታወጣለች። ተራዋ ሲደርስ ነርሷ ታስገባታለች፤ ሴት ባለሙያ እንድታያት ከፈለገች የምትጠይቀው እዚህ ጋ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበር፣ ደሙ ከግንኙነት በኋላ ይመጣ እንደሆነ፣ ስንት እንደወለደች ትጠየቃለች። ከመጋረጃ ጀርባ የውስጥ ልብሷን አውልቃ አልጋው ላይ ትተኛለች፤ ነጠላዋን ወይም አንሶላ ትሸፈናለች። ነርሷ እንደ ዳክዬ አፍ የሚከፈት መሣሪያ ቀስ አድርጋ ታስገባለች። ይጨንቃል እንጂ ብዙ አያምም፤ ቢያማት «ቆይ» ማለት ትችላለች። የማህፀኑ በር ይታያል። በጥጥ አቼቶ የመሰለ ፈሳሽ ይቀባል፤ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛው ቦታ እንዳለ ይቀራል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

«ጨርሻለሁ፣ ተነሽ እህቴ» ትላታለች ነርሷ።

ልብሷን እየለበሰች የሰማችው ነገር ነጭ የሆነ ቦታ እንደሌለ፣ ደሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን አልትራሳውንድ እንደሚያስፈልግ ነው። ቀጠሮዋ ለሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ወደ መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር።